በስልክ የማይከፈት ሱቅ

ሳዑዲ አረቢያ፣ ጂዛን ከተማ ውስጥ በአንዲት ሳዑዲ ሴት ሱቅ ልብስ እሰፋለሁ። የሀገር ልብስ መስፋት መቻሌን ስታይ፣ ለሀበሾቹም እንድሰፋ ፈቀደችልኝ። ደንበኞቼ በየሰው ቤት የሚሠሩ የወሎና የአዲስ አበባ ልጆች ናቸው፤ ብዙዎቹ ያለ ማዳማቸው ፈቃድ ከበር አይወጡም። ስለዚህ ቀሚሶቹን አይተው፣ ልካቸውን ጽፈው የሚያዝዙበት ድረ ገጽ እንዲሠራልኝ አዲስ አበባ ላለ አንድ ባለሙያ ነገርኩት። ሲጨርስ በኮምፒውተሩ ላይ እንደተከፈተ ፎቶ አንስቶ ላከልኝ። ያምር ነበር። እኔም ሞኟ በስልኬ ሳልሞክረው አድራሻውን ለሁሉም አሰራጨሁ።

ወር ሙሉ አንድም ሰው አላዘዘም። ጥለቱን ጠልተውት ይሆናል ብዬ ጥለት ስቀያይር ከረምኩ።

አንድ ጠዋት አንዲት ልጅ ጥቁር አባያዋን እንደለበሰች ሱቁ ገባች። አድ-ዳኢር የሚባለው ተራራማ ወረዳ ስድስት ዓመት ሠርታ ወደ ሀገሯ፣ ወደ እናቷ መመለሷ ነው። አሠሪዎቿ ወደ አውሮፕላን ማረፊያ እየወሰዷት፣ በልመና አሥር ደቂቃ ሰጥተዋታል። ቀሚስ ለማዘዝ ሦስት ቀን ሞክራ ነበር፤ ከስልኳ ጋር ብቻዋን የምትሆነው መታጠቢያ ቤት ስለሆነ እዚያ ቆልፋ። ፊደሉ እንደ ጤፍ ደቀቀባት። ስታጎላው ደግሞ ልኳን የምትጽፍበት ቦታ ከስክሪኑ ወጥቶ ይጠፋል። የማዘዣውን ቁልፍ ጭራሽ አላገኘችውም።

“ያልተማርኩ ስለሆንኩ መስሎኝ አፍሬ ተውኩት” አለችኝ።

ተሰፍቶ የተሰቀለ ቀሚስ አለበስኳት፤ ትከሻው ሰፋ። ለማጥበብ መርፌ ሳነሳ የአሠሪዎቿ መኪና ጥሩንባ ነፋ። “ኸላስ፣ ይቅር” ብላ አውልቃው ወጣች። ስድስት ዓመት የሰው ቤት ስታጥብ ኖራ እናቷ ፊት በዚያው አባያ ልትቆም።

ወዲያው ድረ ገጹን የሠራው ሰውዬ ጋ ደወልኩ። በኮምፒውተር ብከፍተው ምንም ችግር እንደሌለበት ረጋ ብሎ አስረዳኝ።

“ከደንበኞቼ መሀል ኮምፒውተር ያላት አንዲት ጥራልኝ” አልኩት። “ስልካቸውን እንኳ ደብቀው ነው የሚይዙት። ለማን ነው የሠራኸው?”

ለስልክ ማስተካከል ራሱን የቻለ ሌላ ሥራ ነው፣ ቀድመሽ አልነገርሽኝም አለ። የሰው ቤት ሠራተኞች ናቸው ብዬ ነግሬው ነበር እኮ! ስልኩን ዘጋሁበት። በራሴም ተናደድኩ፤ ስልኩ በእጄ ነበር፤ አንዴ ከፍቼ ባየው ምን ነበረበት?

ሌላ ድረ ገጽ ሠሪ አገኘሁ፤ ሴት ናት። አል-ሐርስ ወረዳ ያለች፣ ስክሪኑ የተሰነጠቀ አሮጌ ስልክ የያዘች ደንበኛዬ ሞክራ እስኪሳካላት ድረስ ሥራውን እንደማልቀበል ቁርጡን ነገርኳት። አልተቀየመችም። አሁን ፊደሉ ትልቅ ነው፣ ማዘዣውም ከቀሚሱ ሥር በአውራ ጣት ይነካል። በከፈትነው ቀን ከአል-ሙወሰም ከተማ አንዲት ልጅ ልኳን ላከች፤ ከዚያ ሌሎቹም ተከተሉ።

ወደ እናቷ የሄደችውን ልጅ ግን የስልክ ቁጥሯን እንኳ አልጠየቅኋትም።