ዘጠኝ መቶ ሰው የሚለው ገጽ

ቬርና ሕላቫቲ በአሜሪካ፣ በኦሃዮ ግዛት ኤልድሪጅ ከተማ፣ ማርሽ ፋብሪካ ውስጥ፣ ሃያ ስድስት ዓመት የማርሽ ጥርስ ስትለካ የኖረች ሴት ናት። ከፀጉር የቀጠነ ስህተት ካገኘች ሳጥኑን ሙሉ ትመልሳለች። አለቆቿም ባልደረቦቿም አይወዷትም ነበር፤ እሷም እንዲወዷት ደክማ አታውቅም። ፋብሪካው ጓዙን ጠቅልሎ ወደ ደቡብ ሲሄድ የቀራት ኮይል ጎዳና ላይ ያለችው የእናቷ የእንጨት ቤት ብቻ ነበረች።

አንድ ክረምት ላይ ከተማው የባትሪ ፋብሪካ ሊመጣለት መሆኑ ተነገረ። ዘጠኝ መቶ ሰው ይቀጠራል ተባለ፤ ኮይል ጎዳና ግን ከነቤቶቹ መነሳት አለበት። ጎረቤቱ ቤቱን ሸጦ ለመልቀቅ ተራ በተራ ፈረመ። ቬርና እምቢ አለች።

ይህ ከሁሉ በላይ ያንገበገበው ከአጥሯ ማዶ የሚኖረውን ድዋይት ፔቲፎርድን ነው። ድዋይት በዚያው ማርሽ ፋብሪካ ፎርክሊፍት የሚባለውን የዕቃ ማንሻ ይነዳ ነበር፤ ሥራ ከፈታ አራት ዓመቱ ነው። ልጁ ሎሬታም ሥራ ፍለጋ ከተማውን ልትለቅ አንድ እግሯን አንስታለች።

«አንቺ ሴትዮ፣ ለዚች ለተንጋደደች ቤት ብለሽ የሰው እንጀራ ትዘጊያለሽ?» አላት በአጥሩ ላይ።

«መጀመሪያ ያንተን በረንዳ አቃና።»

ከዚያ ወዲህ በረዶ በጣለ ቁጥር ድዋይት ከደጁ የዛቀውን ሁሉ እሷ በር ላይ ይከምረዋል። እሷም አካፋዋን ይዛ ትወጣና አንድ ሳታስቀር ትመልስለታለች። ሁለት ትልልቅ ሰዎች ቃል ሳይተነፍሱ ያንኑ በረዶ ሲገፋፉ ያረፍዳሉ።

ከተማው ስለ ፋብሪካው ነዋሪውን የሰበሰበ ቀን አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። የከተማው የልማት ኃላፊ ብራድሊ ስቶክዌል ባለቀለም ሥዕሎች አሳየ። ቬርና ወረቀቷን ይዛ ተነሳች።

«አቶ ስቶክዌል፣ ከተማው ከኩባንያው ጋር የሚፈርመውን ውል አንብቤዋለሁ። ሃያ ዓመት ግብር አይከፍሉም ይላል። ዘጠኝ መቶ ሰው የሚለው ገጽ የቱ ነው?»

«ወይዘሮ ሕላቫቲ፣ እሱ የሚጠበቅ ቁጥር ነው።»

«እኔ የጠየቅሁዎት ገጹን ነው።»

«ቁጭ በይ!» ብሎ ድዋይት ከኋላ ጮኸባት። «ድሮም ሥራሽ እንከን መልቀም ነው! ጠግበሽ ነው!»

አዳራሹ አጨበጨበለት።

የከተማው ምክር ቤት ውሉን ሰባት ለሁለት አጸደቀ። አፏን ለማስያዝ ያህል ግን አንዲት መስመር ጨመረ፤ በሦስት ዓመት ውስጥ አምስት መቶ ሰው ካልተቀጠረ የግብር ነፃነቱ ይቀራል የምትል።

ከተማው ቤቷን በሕግ አስገድዶ ያፈረሰ ዕለት ቬርና የጭስ ማውጫው እስኪወድቅ ከመንገዱ ማዶ ቆማ አየች። ድዋይት እንድትሰማው አድርጎ «እፎይ!» አለ። ጫማው ሥር ትፍ ብላ ሄደች፤ ወንዙን ተሻግራም ሦስተኛ ፎቅ ላይ አንድ ክፍል ተከራየች።

ፋብሪካው ተሠራ። ሥራውን ግን የሚሠሩት ማሽኖች ናቸው፤ በሦስት ዓመት የተቀጠረው መቶ አሥራ ሁለት ሰው ነው። ድዋይት አልተቀጠረም። ሎሬታም አልተቀጠረችም፤ ሻንጣዋን ይዛ ቴክሳስ ገባች።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የቬርና በር ተንኳኳ። ድዋይት ነው።

«ምን ጣለህ?»

«ያ ውል አለሽ? ለምክር ቤቱ ስብሰባ ፈልጌው ነው።»

«ማዘጋጃ ቤት ተሰልፈህ አውጣ። እኔ እንደዚያ ነው ያገኘሁት።»

«ሦስት ቀን ተመላለስኩ። ሰውየው የለም ይሉኛል። አታድርቂኝ እንጂ!»

ግባ አላለችውም። ደጅ እንዳቆመችው ወረቀቱን አመጣች፤ ሊቀበላት እጁን ሲዘረጋ ደረቷ ላይ አጣብቃ ያዘችው።

«አይሰጥህም። ለስብሰባው እኔው ይዤው እመጣለሁ።»

«በመኪናዬ ልውሰድሽ?»

«አውቶቡስ አለ።»

በስብሰባው ቬርና ያቺን መስመር ቃል በቃል አነበበች። የምክር ቤቱ አባላት እርስ በርስ ተያዩ፤ ሰብሳቢው «ሌላ ጊዜ እናየዋለን» አለ። ድዋይት ከመቀመጫው ብድግ አለ።

«ያኔ ቁጭ በይ ያልኳት እኔ ነኝ» አለ። «ዛሬ እናንተ ተነሱና መልሱላት!»

ሕዝቡ አጉረመረመ፤ ጩኸቱ በረታ። እዚያው ድምፅ ተሰጥቶ የግብር ነፃነቱ ተሰረዘ። ስቶክዌል አልነበረም፤ ተሹሞ ሌላ ከተማ ከሄደ ዓመት አልፎታል።

ቬርናና ድዋይት የአዳራሹ በር ላይ ተገጣጠሙ።

«ይቅርታ ልጠይቅሽ አይደለም የመጣሁት» አላት።

«እኔም አልጠበቅሁም።»

እሱ መኪናውን አስነስቶ ሄደ። እሷ ፌርማታው ላይ ቆመች፤ አውቶቡሱ ሲመጣም ገና ከመሳፈሯ ስድስት ደቂቃ ዘገየህ ብላ ከሹፌሩ ጋር ጠብ ጀመረች።