ሣሩ ላይ የተቀመጥንበት እሑድ

ሰሞኑን ወደ ድሮ ሰፈሬ ወደ ካዛንቺስ ብቅ ብዬ፣ የመንገድ ሠራተኞች ከመኪና ላይ ሣር ሲያወርዱ አይቼ ቆምኩ። ሣሩ እንደ ምንጣፍ ተጠቅልሏል። አንዷ ሠራተኛ ጥቅሉን መሬት ላይ አድርጋ በእግሯ ገፋ ስታደርገው ይዘረጋል፣ ሌላዋ ከኋላ ውሃ ታርከፈክፋለች። ጡረተኛ ስለሆንኩ የሚያስቸኩለኝ የለም። ሥሩ ምን እንደሚመስል ለማየት ጎንበስ ብዬ ጫፉን ላነሣ ስል ልጅቷ፣ "አባባ፣ ገና አልያዘም፣ አይንኩት" አለችኝ። እጄን ሰበሰብኩ። አንድ ክረምት እኛም ቤት ጧት ጧት የምንባባለው ይህንኑ ነበር።

ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመት ሆኖት ነበር። እኔ ለገሃር አካባቢ ጎሚስታ ነኝ፤ ጎማ እፈታለሁ፣ የተበሳ ከመነዳሪ እለጥፋለሁ። ትምህርቱን በልጅነቴ ስለተውኩት ከዚያ ሌላ አልተመኘሁም። የምንኖረው ካዛንቺስ የቀበሌ ቤት ውስጥ ነው፤ አንድ ክፍል፣ በመጋረጃ ለሁለት የተከፈለ። ከመጋረጃው ወዲህ እኔና ባለቤቴ አስካለ፣ ከመጋረጃው ወዲያ እናቴ እማማ በለጡ። እናቴ እንቅልፏ ቀላል ነው፤ ስንገላበጥ እንኳ ትሰማለች። ስለዚህ እኔና አስካለ ከተጋባን ወዲህ ተቀምጠን አውርተን አናውቅም ብል ውሸት አይሆንም። "ውሃ መጣች"፣ "ጋዝ አልቋል"፣ በቃ፣ ወሬያችን ይኸው ነው። እኔ ደግሞ ከጥንትም ዝምተኛ ነኝ።

አስካለ እዚያው ሰፈር ፈረንጆች ቤት ምግብ ታበስል ነበር። ስለ ባልና ሚስቱ የምትነግረኝ ነገር ሁለታችንንም ይከነክነን ጀመር። ፀሐይ ሲበርድ ይወጡና ግቢያቸው ሣር ላይ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። አይበሉ፣ አይሠሩ። ታዲያ ምን ያደርጋሉ ስላት፣ እንጃ፣ ከወጥ ቤት መስኮት ነው የማያቸው፣ አንዳንዴማ ጭራሽ አያወሩም፣ ግን ሲነሡ ፊታቸው በርቶ ነው የሚነሡት ትለኛለች። ሣር ላይ ተቀምጦ ምን ይገኛል? እኔ የማውቀው ሣር ለላም፣ ቄጠማ ለዓመት በዓል መሆኑን ነው።

እንዲህ እያለን ሐምሌ ውስጥ አንድ ቀን ቦኖ ላይ ወረፋ ይዘን ቆመናል። ዝናቡ አባርቶ በቆሎ የሚጠብሱት ሴቶች ከሰላቸውን ያራግባሉ። አስካለ ጀሪካኑን እያየች፣ "ለመስቀል አገሬ ስሄድ እዚያው የምቀር ይመስለኛል" አለችኝ። ጉራጌ አገር ነው የአባቷ ቤት፤ መስቀል ሲደርስ የሚቀር የለም፣ ሁሉም ይሄዳል። ግን ሁሉም ይመለሳል። ምን አጥፍቼ ነው አልኳት።

"ምንም። አላውቅህም፣ በቃ።"

መልስ ያጣ ሰው እጁ ይሠራል መሰለኝ፣ በማግሥቱ ደጃችን ላይ የከመርኩትን አሮጌ ጎማ ሁሉ ማውጣት ጀመርኩ። ከሥሩ የወጣው ጭቃና ድንጋይ ነበር፤ ቆፈርኩት። አስካለ ምን ልታደርግ ነው ብላ አልጠየቀችኝም። እኔም አልነገርኳት። ግን በሳምንቱ መጥታ፣ ፈረንጆቹ ለመኪና መጠለያ ሊሠሩ ስለሆነ ከሣሩ የሚነሣ አለ፣ አትክልተኛው ውሰዱት ብሎኛል አለች።

ነሐሴ ላይ አንድ ቅዳሜ አትክልተኛው ሣሩን ከነሥሩ እንደ ድፎ ዳቦ ቆራርጦ አወጣልን። በእጅ ጋሪ ጭነን፣ አቀበቱ ላይ እኔ እየጎተትኩ አስካለ ከኋላ እየገፋች አመጣነው። ቀይ አፈርና ፍግ አልብሼ ጠብቄ ነበር። ቁራጩን ከቁራጭ እያገጣጠምን፣ በመካከሉ አፈር እየሞላን፣ በእግራችን ጠቅጠቅ እያደረግን ስንሠራ ቀኑ መሸ። የእርጥብ አፈሩ ሽታ ዛሬም አፍንጫዬ ላይ አለ። እናቴ በሩ ላይ ቆማ በቆሎዋን እየፈለፈለች ስታየን ውላ፣ "ጎመን ብትተክሉበት ትበሉት ነበር። ይሄን ማን ሊበላው ነው?" አለች።

አትክልተኛው እስኪይዝ እንዳትረግጡት ብሎናል። መያዙን በምን እናውቃለን ብንለው፣ ስትስቡት መልሶ ከሳባችሁ ይዟል አለ። ከዚያ ወዲህ ሥራ ከመሄዳችን በፊት ሁለታችንም ቁጢጥ እንላለን። እሷ ከበሩ በኩል፣ እኔ ከአጥሩ በኩል። "ያንተስ?" "ገና። ያንቺስ?" "ገና።" አንዳንዱ ጫፉ ቢጫ ሲሆን ውሃ እጨምርበታለሁ። መስቀል እየቀረበ ነው። ዘመን ተለውጦ ፀሐይዋ ስትወጣ አንድ ጧት አስካለ ሣሩን እንደያዘች ቀና ብላ፣ "ሳበኝ" አለች።

በዚያው ሳምንት እሑድ ተቀመጥንበት። እናቴ ያን ሰሞን ሳል ይዟት ሌሊቱን ሁሉ ጎረቤት እስኪሰማ ስትስል ሰንብታ፣ ያን ቀን ቀለል ስላላት በማለዳ ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ሄደች፤ ከዚያም ሜክሲኮ እህቴ ጋ ልትውል ነው። እኛ ሰሌን ዘረጋን፣ ጫማችንን አወለቅን፣ ቆሎ በሰሃን አቀረብን፣ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ከዚያስ? ከዚያማ ምን እንደሚባል አላወቅንም። እኔ አጥሩን አያለሁ፣ እሷ ጣቶቿን ታያለች።

ጎረቤታችን እትዬ ዘነበች በተከፈተው የግቢ በር አንገታቸውን አስገቡ። እኛን አዩ፣ የተዘጋውን የቤት በር አዩ፣ ምንም ሳይሉ ተመለሱ። ትንሽ ቆይተው ነጠላቸውን ዘቅዝቀው መጡና አስካለ አጠገብ ዘጭ ብለው ማልቀስ ጀመሩ። እኛ እሳቸው ሰው የሞተባቸው መስሎን አስካለ አቅፋቸው አብራ አለቀሰች። እኔም ተነሥቼ አንገቴን ደፋሁ። በአገራችን መጀመሪያ ይለቀሳል፣ በኋላ ነው ማን እንደሞተ የሚጠየቀው። ሌሎች ጎረቤቶች ተከታትለው ገቡ፤ የአስካለን እንባ ያየ ሁሉ የራሱን ጨመረበት። እኔን "አይዞህ፣ ጠንከር በል" ይሉኛል። ለእትዬ ዘነበች ይህን ያህል መጠንከር ያለብኝ ለምን እንደሆነ ግራ ገባኝ።

በኋላ የዕድሩ ሰዎች ድንኳን ተሸክመው መጡ። አንዱ ካስማውን ሣሩ ላይ አቁሞ መዶሻ ሲያነሣ አስካለ እንባዋን ሳትጠርግ ዘላ ያዘችው።

"እዚህ ላይ አይተከልም። ገና መያዙ ነው።"

ሐዘን አእምሮዋን የነካት መሰላቸው። የዕድሩ ዳኛ በለሰለሰ ድምፅ፣ "ልጄ፣ ታዲያ የእማማ በለጡን ለቅሶ የት ልንቀመጥ ነው?" አሏት። ያን ጊዜ ነው ማን እንደሞተ የገባን።

አፌን ከፍቼ ሳልናገር እናቴ ብርቱካን በፌስታል አንጠልጥላ በበሩ ገባች። ሰዉን አይታ ነጠላዋን መዘቅዘቅ ጀመረች። "ማን ሞተብን?" አለች። እትዬ ዘነበች፣ "እርስዎ ነዎት" አሏት።

እናቴ እዚያው ሣሩ ላይ ተቀመጠች። ልትቆጣ ነው ብዬ ስጠብቅ ጫማዋን አውልቃ ዙሪያዋን ታይ ጀመር። ማን ማን እንደመጣ፣ ማን እንዳለቀሰ፣ ማን ገና እንዳልሰማ አንድ በአንድ ጠየቀች። ያልመጡትን ስትጠራ ሰዉ በሣቅ ፈረሰ። ብርቱካኑ ተልጦ ተበላ፣ ቆሎው አለቀ። የሚነሣ የለም። ሁሉም ጫማውን አውልቆ ሣሩን በእጁ ያሻሸዋል፣ እንዴት እንደተከልነው ይጠይቀናል።

ሰዉ ተሸኝቶ ሦስታችን ስንቀር እናቴ፣ "ለመሆኑ እዚህ ቁጭ ብላችሁ ምን ልታደርጉ ነበር?" አለች። አስካለ፣ "ልናወራ" አለቻት። ስለ ምን ብትላት፣ እሱን ገና አላወቅነውም አለች። እናቴ ተራ በተራ አየችን። ከዚያ ተነሥታ፣ ዘነበችን ስላለቀሰችልኝ ላመስግናት ብላ ወጣች። የግቢውን በር ከኋላዋ ዘጋችው። እናቴ በር ስትዘጋልን ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ፀሐይዋ ወደ አጥሩ ዘንበል ብላለች። አስካለ፣ "ሥራ ቦታ ታፏጫለህ አሉ" አለችኝ። ማን እንደነገራት አላውቅም። "ቤት ለምን አታፏጭም?"

ማንም ጠይቆኝ ስለማያውቅ ማሰብ ነበረብኝ። ጎማው ላይ ሳፏጭ የሚሰማኝ የለም፤ ቤት ውስጥ ግን ሰው ይሰማኛል ብዬ አፍራለሁ አልኳት። ከዚያ አባቴ ያፏጭ እንደነበር ነገርኳት፣ ከአባቴ ወደ ልጅነቴ ሄድኩ፣ እሷም የእሷን ነገረችኝ። ብርድ ብርድ ሲለን ነጠላዋን ለሁለት ለበስነው። ምን ምን እንዳልን ዛሬ ብዙው ጠፍቶብኛል፤ አንዱ ግን አልጠፋኝም። ስትነሣ ከቀሚሷ ላይ አፈሩን እያራገፈች፣ "መስቀልን ውዬ እስክመጣ ሣሩን አጠጣልኝ" አለችኝ።

ዛሬ ያ ግቢ የለም። የምንኖረው ኮንዶሚኒየም ነው፤ ከታች የሲሚንቶ መቀመጫ አለ። ባለፈው ሰኞ እኔና አስካለ ወርደን እስኪመሽ ተቀመጥን። ብርድ ስለነበር እሷ ነጠላዋን ተከናንባለች፣ ሁለታችንም ዝም ብለናል። ስንቱ በፊታችን ወጣ፣ ስንቱ ገባ። አንድ ወጣት ስልኩን እያየ በአገጩ ሰላም አለን።

አስካለ፣ "ማን ሞተባችሁ ያለን የለም" አለችኝ።

ይህ ደስ ሊለን የሚገባ ነገር ይሁን አይሁን እስካሁን ሳስበው አለሁ።