ዓባይ ላይ አለፈ

ደሴ፣ ጎህ ሲቀድ

ጦርነቱ ገና ማብቃቱ ስለሆነ መኪና አታገኚም ብለው ያስፈራሩኝ ሁሉ ይዩኝ! ጨው በጫነ መኪና ጋቢና ተቀምጫለሁ። መካነ ሰላም ያለች እህቴን ልጠይቅ ነው። እውነቱን ለመናገር ግን የተፈታው ጦር ያለፈበትን አገር ለማየት ጓጉቻለሁ። ሾፌሩ ጋሽ ሰይድ "ቢስሚላሂ" ብለው ሞተሩን ሳያስነሱ ጥያቄ አዘነብኩባቸው።

"አንቺ ልጅ፣ ፖሊስ ነሽ እንዴ?"

"አስተማሪ ነኝ።"

"እሱማ ይብሳል!"

ጉጉፍቱ ተራራ ላይ ስንደርስ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። አንድ ገበሬ የወታደር ካፖርት ለብሶ ያርሳል። ከአንድ ጎጆ ደጅ ዶሮዎች በብረት ቆብ ውኃ ይጠጣሉ። መኪናው ዳገቱ ላይ ሲያዘግም በመስኮት ብቅ ብዬ "ካፖርቱን ከየት አመጣኸው?" አልኩት።

"የራበው ወታደር በምሳ ለወጠኝ!" አለና ሳቀ። "እኔም በርዶኝ ነበር፣ እሱም ርቦት ነበር።"

አቀስታ፣ ቀትር

የገብስ ቆሎ ገዝተን ልንነሳ ስንል አንዲት እናት ተሳፈሩ። ወይዘሮ ዘነበች ይባላሉ። ጸጉራቸውን ተላጭተው ከል ለብሰዋል። እኔ መቼም አላርፍም፣ ለማን እንዳዘኑ ጠየቅኳቸው።

"ለልጄ ለአስማማው። አባቱን በሰባ ሰባቱ ረሃብ ቀበርኩ። እሱን ደግሞ ለውትድርና ወሰዱብኝ፣ ጎጃም ዘመተ። ጦሩ ሲፈታ አብሮት የነበረ ጓደኛው ከመካነ ሰላም በነጋዴ አፍ ላከብኝ። 'ዓባይ ላይ አለፈ፣ ሰው ይምጣለት' ብሎ። አሁን መቃብሩን ልጠይቅ ነው። አጽሙን ካባቱ ጎን ባሳርፍ ይበቃኛል።"

"አላህ ያጥናዎት" አሉ ጋሽ ሰይድ። እኔን ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። ለሞተ ሰው "ሰው ይምጣለት" ይባላል? ብጠይቅ ቁስል መነካካት ይሆንብኛል ብዬ ምላሴን ነከስኩ።

መካነ ሰላም፣ ገበያ ሲፈታ

ጓደኛውን ሐሰንን ለማግኘት አልተቸገርንም። እግሩ ቆስሎ አባቱ ሱቅ ደጃፍ ምርኩዙን ይዞ ተቀምጧል። ወይዘሮ ዘነበች ሰላምታም አላስቀደሙ።

"የት ቀበራችሁት ልጄ?"

"ማንን?"

"አስማማውን ነዋ! ዓባይ ላይ አለፈ ብለህ የላክህብኝ!"

ሐሰን ክው አለ። "ያረቢ! ዓባይ ላይ አለፈ መች አልኩ? ዓባይን አለፈ ነው ያልኩት! አብረን ተሻገርን እኮ! ወባ ጥሎት ታች ቆላ አክስቴ ቤት ተኝቷል። መራመድ ስላቃተው ነው ሰው ይምጣለት ማለቴ። እኔ በዚህ እግሬ እንዴት ላምጣው?"

በለው! ጥይት የሳተውን ልጅ ነጋዴው በወሬ ገደለው። ጋሽ ሰይድ "አልሐምዱሊላህ! እልል ይበሉ እንጂ!" አሉ። ወይዘሮ ዘነበች እልል አላሉም። መሬት ላይ ዘፍ አሉ።

"እኔ ቤቴ ቁጭ ብዬ ሳለቅስለት፣ ልጄ እየጠበቀኝ ነበር?"

ማግስቱን፣ ቆላ

የሐሰን አባት በቅሎና መንገድ የሚያሳየን ሰው ሰጡን። እህቴ "አንቺ ምን አገባሽ?" ብላ ብትቆጣም ተከትዬ ወረድኩ። መንገዱ ቁልቁለት ነው፣ ሙቀቱ ያፍናል። ወይዘሮ ዘነበች በቅሎዋን ትተው በእግራቸው ከፊታችን ይሮጣሉ፣ በየመንገዱ ያገኙትን ሰው ሁሉ "አለ?" ይላሉ። ልጃቸው ማን እንደሚባል እንኳ ለአላፊው አይነግሩትም።

የሐሰን አክስት ደጅ ላይ ጠበቁን። "ኧረ ይግቡ፣ አለ" አሉ።

ልጁ መደብ ላይ ተኝቷል። ከስቷል፣ ዓይኑ ቢጫ ሆኗል። ወደ በሩ ዞሮ ለማየት ጊዜ ወሰደበት።

"እማዬ" አለ፣ እንዳኮረፈ ሕፃን፣ "ምነው ቆየሽ?"

ወይዘሮ ዘነበች እግሩ ላይ ወድቀው "እኔ ልሙትልህ፣ እኔ ልሙት" ብቻ ይላሉ።