በረዶ ሲወርድ የተቆረጠ ዋጋ

የብርጓል፣ መንገዱን ሙሉ ፊቷን ስታለማምድ ሄደች። የዓባይን ድልድይ ስትሻገር ግንባሯን ቋጠር፣ ከንፈሯን ጣል አድርጋ፣ «እንዲያው ባየው ምን ይለኛል» የሚል መልክ ያዘች። ቤት መግዛት በሬ እንደ መግዛት ነው፤ መውደዱን ያሳየ ይከስራል ብለው የዱርቤቴ ዘመዶቿ አስጠንቅቀዋታል።

ጊዜው ሰማንያ ሁለት ዓመተ ምሕረት፣ ሚያዝያ ነው። መንግሥት «ቅይጥ ኢኮኖሚ» ብሎ ካወጀ ገና መንፈቅ አልሞላውም። እስከዚያ ድረስ ቤት መሸጥና መግዛት በሹክሹክታ የሚወራ ነገር ነበር። አዋጁ እንደተሰማ ግን ደላላው ከየት እንደፈለቀ ሳይታወቅ ባሕር ዳርን ሞላት። የብርጓል ግን ደላላ አልፈለገችም። በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ፈትል ክፍል ጥጥ እየዋጠች ያጠራቀመችው ገንዘብ ነው፤ ማንም መሐል ገብቶ እንዲቆነጥርባት አትሻም። ቢያዝን የተባለው ባሏ የሐይቁ ጀልባ ሠራተኛ ነው። ጎርጎራ ሄዶ እስኪመለስ ቀናት ያልፋሉ፤ ደግሞም ክርክር አይሆንለትም። «እኔ የተጠራብኝን ከፍዬ አመስግኜ የምወጣ ሰው ነኝ፤ አንደበቱ ያንቺ ነው፤ አንቺው ሂጂ» አላት።

ጎረቤቶቿ ግን አልገባቸውም። «ጦርነቱ ደብረ ታቦር ደርሶ፣ ነገ የት እንደምናድር ሳናውቅ፣ ቤት ይገዛል እንዴ?» ይላሉ። እሷ ግን ሦስት ልጆች ይዛ በአንዲት የቀበሌ ክፍል ውስጥ ስትኖር፣ ሌሊት አንዱ ሲገላበጥ ሁሉም እንደሚገላበጥ ብቻ ታውቃለች።

ሻጩ ጋሼ ሙሀመድዘይን ናቸው፤ ሠላሳ ዓመት ቆርቆሮና ሚስማር የነገዱ፣ ረጅም፣ ቁጡ ሽማግሌ። ቤቱን ዓባይ ማዶ ላይ ለእርጅናቸው ብለው ሠሩት። ልስኑ በደረቀ ሰሞን ግን ደልጊ ያለው ወንድማቸው ሞተና ሱቁም የሙት ልጆቹም በእሳቸው ላይ ወደቁ። ከባለቤታቸው ከእትዬ ሀቢባ ጋር አንድ ሌሊት እንኳ ሳያድሩበት ሸጠውት ወደ ደልጊ ሊሄዱ ሆነ።

በሩን ከፈቱላት። የብርጓል ደፍ ላይ ቆመችና ያን ሁሉ መንገድ የተለማመደችው ፊት ጠፋባት። ወለሉ ሊሾ ነው፤ ውሃ የተኛበት ይመስል ያበራል። ግድግዳው ኖራ ተቀብቶ ገና ይሸታል። መስኮቱ ባለ መስተዋት ሲሆን ከመስተዋቱ ባሻገር ደንገሉ፣ ከደንገሉ ባሻገር ሐይቁ ተዘርግቷል። ሳታስበው ጫማዋን አወለቀች።

«ምነው ልጄ፣ መስጊድ አይደለም» አሉ ጋሼ ሙሀመድዘይን፣ እየሳቁ።

ሐፍረት ፊቷን አቃጠላት። አሁን እንደ ወደደችው ያውቃሉ፤ ዋጋውም ከዚህ በኋላ ወደ ታች አይወርድም። «ለመሆኑ...» ስትል ድምፅዋ በባዶው ክፍል ዞሮ ተመለሰላት፤ የራሷ ድምፅ እንዲህ ሰፊ ሆኖ ሰምታው አታውቅም።

«ዐሥር ሺህ» አሉ።

ከዚያ በኋላ የተናገረችውን ከየት እንዳመጣችው እስከ ዛሬ አታውቀውም። «ጋሼ፣ ይህ ቤት ገና ዝናብ አልመታውም። እርስዎም ዘንቦበት አላዩትም። አንድ ዝናብ ሳይወርድበት አልገዛም።»

ሽማግሌው ቁጣቸው ገነፈለ። «የእኔን ቆርቆሮ? ግማሹ ባሕር ዳር የተጠለለው በእኔ ቆርቆሮ ነው!»

«እውነቷን ነው» አሉ እትዬ ሀቢባ፣ በር ላይ ተደግፈው። «ሴት ልጅ ቤት ስትገዛ እንዲህ ነው።»

ጋሼ ሙሀመድዘይን ሚስታቸውንም እሷንም አፈራርቀው አዩ። «ይሁን፤ ደመና ስታዪ ነይ» አሉ።

ደመናው የመጣው ግንቦት በገባ ሰሞን ነው። የብርጓል ከፋብሪካ ወጥታ ወደ ሐይቁ ስትመለከት ማዶ ያለው የዘጌ ምድር አይታይም፤ ሰማዩ እንደ ጥቁር ድንጋይ ውሃው ላይ ተደፍቷል። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ ሮጠች። ስትደርስ ሁለቱም ሽማግሌዎች ቀድመዋት ምርቃት እንደሚጠብቅ ሰው ባዶው ቤት ውስጥ ቆመዋል።

መጀመሪያ ነፋሱ መጣ። ደንገሉ ሁሉ ባንድ ጊዜ ጎነበሰ። ቀጥሎ ሐይቁ ራሱ የተነሣ መሰለ፤ ነጭ ግድግዳ ሆኖ ውሃው ላይ እየተራመደ ወደ እነሱ መጣ። «ላ ኢላሃ ኢለላህ» አሉ ጋሼ ሙሀመድዘይን በቀስታ፤ የብርጓልም በልቧ እግዚኦ አለች። ከዚያ በረዶው ወረደ።

ቤቱ ገና ኮርኒስ አልነበረውም። ቆርቆሮው ላይ ሰማይ ራሱ የተዘረገፈ ያህል ነው፤ ጆሮ አይሰማም፣ ደረት ይንቀጠቀጣል። የብርጓል እንዲህ ያለ ድምፅ መሐል ሆና ሳትሞት መቆሟ ገረማት። በጎኑ መስኮት ስታይ ዓባይ ላይ በረዶው ሲወድቅ ወንዙ የፈላ ይመስላል። ግድግዳው ግን ንቅንቅ አላለም። ሦስቱም መሐል ወለል ላይ ተጠጋግተው፣ በዚህ ሁሉ ቁጣ ሥር ደረቅ ሆነው ቆመዋል። እንባ መጣባት፤ ምን እንዳስለቀሳት ግን አታውቅም።

ጋሼ ሙሀመድዘይን አፋቸውን ከፈቱ፤ ምንም አልተሰማም። ሳቁና ዐሥሩን ጣቶቻቸውን ዘርግተው አሳዩዋት። አየሽ? ቆሟል፤ ዐሥር ማለታቸው ነው። የብርጓልም እጆቿን አነሣችና ሰባት ጣት ብቻ ዘረጋች። ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ አንድ ጣት አጠፉ። እሷ ሰባቱን እንደያዘች ቀረች። ተፋጠጡ። በዚህ መሐል እትዬ ሀቢባ ጠጋ አሉና ከባላቸው ዘጠኝ ጣቶች አንዱን ይዘው ወደ መዳፋቸው አጠፉት። ጋሼ ሙሀመድዘይን ዐይናቸውን አፈጠጡባቸው። እትዬ ሀቢባ ጣቱን አልለቀቁም። የብርጓል በቀስታ ስምንተኛ ጣቷን ዘረጋች።

በረዶው ጋብ ሲል ጆሮዋ ጭው እያለ «ስምንት ሺህ» አለች።

ሽማግሌው ግን እሷን አያዩም። ዐይናቸው ከጀርባዋ፣ ከጓዳው ማዕዘን ላይ ተተክሏል። መዞር አላስፈለጋትም ነበር፤ ዝም ቢሉ ባላየችው። «ዙሪ፤ እዪው» አሉ። ከግድግዳው ራስ ላይ ውሃ ኖራውን እየቦረቦረ፣ እንደ ክር ቀጥኖ ይወርዳል።

«የቆርቆሮ ነጋዴ ቤት!» አሉ፤ ፊታቸው ጠቆረ። እዚያው በዝናቡ ጣሪያ ላይ ሊወጡ ተነሡ፤ እትዬ ሀቢባ የባላቸውን ጋቢ ጨምድደው ያዙ።

የብርጓል ውሃውን አየች፤ እሳቸውን አየች። ይህን ሰው እንዴት ልርታው እያለች ስንት ቀን ተጨንቃለች! እሳቸው ደግሞ የራሳቸውን ጉድ በራሳቸው ጣት ያሳዩዋታል። ከሐይቁ ላይ ከተነሣው ነጭ ግድግዳ ይልቅ ይህ አስፈራት፤ አከበረቻቸውም። ቀብዱን ከነጠላዋ ጫፍ ፈትታ በሁለት እጇ ዘረጋችላቸው። «ግድ የለም ጋሼ፤ በስምንት ተስማምተናል፤ ይጠግኑታል።»

«አልቀበልም» አሉ። «ከጠገንሁት በኋላ ደግሞ ይዝነብበት። አሁን ሳይዘንብ አልሸጥም የምል እኔ ነኝ።»

ጠገኑት። ዘነበበት፤ ደረቅ ሆነ። በሰኔ መጀመሪያ በሁለት ምስክር ፊት ውል ተፈረመ፤ በማዘጋጃ ቤትም ስሙ ወደ እሷ ዞረ። ጋሼ ሙሀመድዘይን ቁልፉን ሲሰጧት ቤቱን ዞር ብለው አላዩትም። እትዬ ሀቢባ ግን አዩት፤ የበሩን መቃን በመዳፋቸው ዳበስ አድርገው ሄዱ።

ቢያዝን ከጎርጎራ ሲመለስ ልጆቹ ከክፍል ክፍል እየሮጡ ስም ሲጠራሩ ደረሰ። ቦርሳውን እንዳንጠለጠለ መሐል ወለል ላይ ቆመ።

«መጀመሪያ ስንት አሉሽ?»

«ዐሥር።»

«እኔ ብሆን ዐሥሩን ከፍዬ ተመርቄ እወጣ ነበር» አለ፤ ድምፁ ግን ለቀልድ አልሆነለትም። ወደ መስኮቱ ሄደ። ያን ሐይቅ ዕድሜውን ሙሉ በጀልባ ሲመላለስበት ኖሯል፤ ከቤት ሆኖ ሲያየው ግን የመጀመሪያው ነበር። የብርጓልም አጠገቡ ሄዳ ቆመች።