በሚኒባስ የመጣው ፋይል

ላፕቶፔ የሞተ ዕለት ደስ አለኝ። ሰው ቢሰማ ጤና የላትም ይላል። ይበል! ባሌ ካረፈ ወዲህ አምቦ ያለው ቤታችን ውስጥ የምኖረው ብቻዬን ነው። አንድ ልጄ አዲስ አበባ ነው፤ መንገዱ ቅርብ፣ ሥራው ግን ፋታ የማይሰጥ። እሁድ እሁድ በዚያች ላፕቶፕ ፊቱን ያሳየኛል፣ በቃ። ስለዚህ ስክሪኑ ጠቁሮ አልነሳም ሲል፣ «አሁንማ ሳይወድ በግዱ ይመጣል» አልኩ።

የሰፈራችን ኮምፒውተር ጠጋኝ ነካክቶ አየውና «እማማ፣ ዕቃው ደህና ነው፣ የጠፋው ሲስተሙ ነው። የፋብሪካው ፈርምዌር ፋይል ከኢንተርኔት ወርዶ እንደ አዲስ ካልተጫነበት አይነሳም። ፋይሉ ደግሞ ግዙፍ ነው፤ በእኛ ኔትወርክ አይሞከርም» አለኝ። ለልጄ ደወልኩለት። «እኔ አወርደዋለሁ፤ ቅዳሜ ይዤልሽ እመጣለሁ» አለ።

ከዚያ በኋላ ማን ይቻለኝ! አልጋውን አነጠፍኩ። ገብስ አስፈጭቼ፣ በንጥር ቅቤ አሽቼ፣ የሚወደውን ጩኮ አዘጋጀሁ። «ልጄ ሊመጣ ነው» እያልኩ ጎረቤቱን ሁሉ አሰለቸሁ።

ቅዳሜ ጠዋት ደወለ። «እማዬ፣ ድንገት ሥራ ገባብኝ። ፋይሉን ፍላሽ ላይ አድርጌ ለሚኒባስ ሹፌር ሰጥቼልሻለሁ። ታርጋውንና ስልኩን እልክልሻለሁ።» መቼም በእኛ መስመር በሹፌር የማይላክ ነገር የለም፤ መድኃኒት በሉ፣ ጫማ በሉ፣ የቤት ቁልፍ በሉ። የማይላከው የእኔ ልጅ ብቻ ነው!

ጩኮውን ይዤ መናኸሪያ ሄድኩ። ሚኒባሱ ሲደርስ የሚወርደውን ተሳፋሪ አንድ በአንድ አየሁ፤ ምናልባት ሊያስደንቀኝ አስቦ ይሆናል ብዬ። ሞኝ አይሙት እንዲያጫውት አሉ! ሹፌሩ በኦሮምኛ እናቴ ሲለኝ፣ በመስኮት «ሃርሜ፣ ይቺ የእርስዎ ናት» ብሎ በወረቀት የተጠቀለለች፣ ጣት የምታህል ነገር ሰጠኝ። አነሰችብኝ። ሹፌርም ባዶ እጁን አይመለስምና ጩኮውን ለልጄ አስያዝኩት።

ጠጋኙ ዘንድ መሄድ እችል ነበር። ግን እልህ ምላጭ ያስውጣል። ለልጄ ደውዬ «አንተ ንገረኝ፣ እኔው ራሴ አደርገዋለሁ» አልኩት። ጡረታ እስክወጣ የቢሮ ታይፒስት ነበርኩ፤ የቁልፍ ብዛት አያስደነግጠኝም። ፍላሿን ሰካሁ፤ እሱ ያለኝን ቁልፎች አንድ ላይ ተጭኜ አበራሁት። ስክሪኑ ላይ አንዲት ቀጭን መስመር ብቅ አለችና ቀስ እያለች ትሞላ ጀመር።

«ባትሪው አይይዝም፤ መብራት እንዳይጠፋ ጸልዪ» አለኝ። «መሃል ላይ ከተቋረጠ አለቀለት። እስኪያልቅ ስልኩን አልዘጋብሽም።»

እንደዚያ ቀን ተጫውተን አናውቅም። ስለ ጉልበቴ ሕመም ጠየቀኝ። አባቱ ጭልሞ ጫካ ወስዶት መንገድ የጠፋባቸውን ቀን አንስተን ሳቅን። አለቃውን አማረረልኝ፤ እኔም ሰውየውን ሳላውቀው አብሬ ረገምኩለት። ናፍቆኝ ነበር፣ ድምፁ ራሱ ናፍቆኝ ነበር። ዓይኔ መስመሯ ላይ ነው። ሌላ ሰው ቶሎ በይ ይላታል፤ እኔ ግን ምን አስቸኮለሽ እላታለሁ። ሁሌ የሚጠፋው መብራትም ያን ቀን አልጠፋም። ሞላች።

ላፕቶፑ ከሱቅ እንደወጣ አዲስ ዕቃ ባዶውን በራ። «ተነሳ!» ስለው ልጄ በደስታ ጮኸ።

«አንቺ እኮ ጀግና ነሽ፣ እማዬ! ፍላሿን አትጣያት፤ ሌላ ጊዜ ቢበላሽም በራስሽ ትችያለሽ። አየሽ፣ መምጣት እንኳ አላስፈለገኝም።»

«አዎ ልጄ» አልኩት። «አላስፈለገህም።»