የማን ቅሬ ነህ?

ከሚሴ የተመደብኩት በአንድ ገለልተኛ የእርዳታ ድርጅት፣ በጦርነት መሀል የቀሩ ሰላማዊ ሰዎች ከለላ እንዲያገኙ ለማገዝ ነበር። ሥራው ሲነገር ያምራል፤ ኑሮው ግን ብቻን መብላት ነው። ከአንዱ ቤት ሻይ ከጠጣሁ «የእነዚያ ሰው ነው» መባሌ ስለማይቀር የማንንም ሻይ አልጠጣም። የሰው መድኃኒቱ ሰው ነው የሚለው ተረት ለእኔ ቢጤው አልተተረተም። ባጃጅ ውስጥ ስገባ እንኳ የተጀመረው ወሬ ይቋረጣል።

አንድ ቀን ከጨፋ ሸለቆ ተፈናቅለው ትምህርት ቤት የተጠለሉ አንዲት እናት ቢሮዬ መጡ። ልጃቸው ማሽላውን ሊያይ ተመልሶ ተኩስ መሀል ገብቶ ሞቷል። ጎረቤቶቹም አስከሬኑን ቤት አስገብተው ሸሽተዋል፤ መንገዱ ዝግ ነው። እናትየዋ አስቀድመው «አካም ጅርታ?» ብለው የእኔን ደህንነት ጠየቁ። ከዚያ «ልጄ አፈር ይልበስልኝ» አሉ። ሌላ ነገር አልለመኑም።

ለሁለቱም ወገን አዛዦች ስደውል ዋልኩ። በማግስቱ ለአራት ሽማግሌዎችና ለእኛ መኪና ብቻ ተፈቀደ። «ወጣት እንዳይገባ» አሉ ሁለቱም። የተስማሙት በዚህ ብቻ ነው።

ወሎ ውስጥ ሰውን የሚቀብረው ቅሬው ነው፤ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ያለበት የለቅሶ ማኅበር። የዚያ ሰፈር ቅሬ ግን ተበትኖ የቀሩት እነዚያው ሽማግሌዎች ነበሩ። አጠቡት፣ ከፈኑት፣ ሰገዱበት። እኔ በደንባችን መሠረት መኪናው አጠገብ ቆሜያለሁ። ቃሬዛውን አንስተው ጥቂት እንደሄዱ የአንደኛው ጉልበት ከዳቸውና ቃሬዛው ዘመመ።

ከአራቱ አንዱ የሆኑት የቅሬው ዳኛ ወደ እኔ ዞሩ። «አንተ የማን ቅሬ ነህ?»

ስትሞት ማን ይቀብርሃል ማለታቸው ነው። «የማንም» አልኩ።

«እንግዲያ የኛ ነህ። ኮቱ!» አሉኝ በኦሮምኛ፤ «ና፣ ያዝ።»

ሄጄ ያዝኩ። እንዲያ ከሰው ትከሻ ጋር የገጠምኩት ከስንት ጊዜ በኋላ እንደሆነ እንጃ።

የድርጅቱን ሰደርያ እንደለበስኩ ስሸከም ያየኝ ነበር። ከአንደኛው ወገን ክስ መጣና፣ ገለልተኛ አይደለም ተብዬ ከከሚሴ ተነሣሁ። በደንቡ ከሄድን ልክ ናቸው። ነገም እንዲህ ያለ ቀን ቢመጣ ግን እሸከማለሁ።

አሁን የምሠራው ማንም በማያውቀኝ ሌላ ከተማ ነው። ባለፈው ክረምት አንድ ጠዋት ስልኬ ጠራ፤ የቅሬው ዳኛ ነበሩ። እናትየዋ አርፈዋል። «ቀብሩ ከዙሁር ስግደት በኋላ ነው፣ እንዳትቀር» አሉኝ፣ ከወዲያ ማዶ ሰፈር እንደሚጠሩኝ ሁሉ። መንገዱ ዳግም ተዘግቶ ነበርና መድረስ እንደማልችል ነገርኳቸው። «አብሽር፣ ግድ የለም» ይሉኛል ብዬ ነበር።

«እንግዲያ የኛ ሰው ቀርቷል እላለሁ» አሉና ዘጉት።

እኩለ ቀን ላይ፣ በዙሁር ሰዓት፣ ቢሮዬን ቆልፌ አለቀስኩ። በኮሪደሩ ሰው ይመላለሳል። ለቅሶ የሚደርሰኝ ግን አልነበረም።