የዓለምነሽን መኪና ማን ሠራው

በዚያ የመጋቢት ጠዋት ከሰማይ የሚወርደው ዝናብም በረዶም አልነበረም፤ እንደ ምራቅ መስታወት ላይ እየተለጠፈ የሚንሸራተት ነገር ነበር። መንገድ ዳር የተገፋው የሰሞኑ በረዶ በጭስ ጠቁሯል። እኔና ዓለምነሽ ዌስተርቪል ባለው ቤቴ በር ላይ ቆመን የቤተክርስቲያናችን ሰው ካሳሁን ትሬለሩን፣ የመኪና መጫኛ ተሳቢውን፣ በኋሊት ወደ ጋራዡ ሲያስጠጋ እናያለን። ትሬለሩ ላይ የሚጫነው ዓለምነሽ በገዛ እጇ የገጣጠመችው መኪና ነው፤ የምንወስደውም ለኢንስፔክሽን፣ መንግሥት ለሚያደርገው ምርመራ ነው። ካለፈ ታርጋ ያገኛል። ካላለፈ የዓመታት ልፋቷ ጋራዤን ያጣበበ ቀይ ሣጥን ሆኖ ይቀራል።

ዓለምነሽ የአክስቴ ልጅ ናት። ዲቪ ደርሷት ከመጣች ጀምሮ ቤዝመንቴ፣ ምድር ቤቱ ውስጥ ትኖራለች። አገር ቤት ልብስ ሰፊ ነበረች፤ እዚህ እንደ እኔው አዛውንት ትንከባከባለች። ዋይንላንድ ፓርክ የምትጠብቃቸው አንዲት አሮጊት ነበሩ። ባላቸው የገዙት፣ ሳይነኩትም የሞቱበት የመኪና ኪት፣ ገና ያልተገጣጠመ መኪና፣ ጋራዣቸው ውስጥ በካርቶን ተቆልሎ ኖሯል፤ ሻንሲው፣ የፋይበርግላስ አካሉ፣ መሪው፣ ሽቦው ሁሉ አለ፤ የሌለው ሞተርና ካምቢዮ ብቻ ነው። አሮጊቷ ቤታቸውን ሸጠው ሲወጡ ለእሷ ሰጧት፣ ወረቀቱንም ፈረሙላት። ያን ሁሉ ካርቶን ጋራዤ ስታስገባ አብዳለች ብዬ ነበር። እሷ ግን የመመሪያውን ሥዕል ዘርግታ፣ «ይሄ እኮ የተቆረጠ ልብስ ማለት ነው፤ መስፋት ብቻ ነው የቀረው» አለችኝ።

ሰፋችው። ቤቴ ሙጫ ሙጫ ሸተተ። የፋይበርግላስ ብናኝ አንሶላዬ ውስጥ ሳይቀር ገብቶ ሲያሳክከኝ ያድራል። ከሥራ መልስ ደክሟት ስትገባ እንኳ አንድ ሁለት ብሎን ሳታጠብቅ አትተኛም። ሞተሩን ከነካምቢዮው ያገለገሉ መኪኖች ከሚበተኑበት ግቢ ገዝታ ደረሰኙን ይዛለች፤ ለኢንስፔክሽን ዕቃው ሁሉ ከየት እንደመጣ ማስረዳት ግዴታ መሆኑን አስቀድማ አጣርታ ነበር። የተሰረቀ እንዳይሆን ነው የሚያዩት።

እሁድ እሁድ ከቤተክርስቲያን መልስ ወንዶቹ ጋራዤ መጥተው ሻይ ይጠጣሉ። አንድ ብሎን ያጠበቀ የለም። ጎማውን በእግራቸው መታ መታ አድርገው ይተነትናሉ፣ ብርጭቆአቸውን የትም ጥለው ይሄዳሉ፣ እኔ እለቅማለሁ። አንድ ቀን ካሳሁን፣ «ዓለምነሽ፣ ዚፑን የት ልታደርጊው ነው?» አላት።

«አንተ አፍ ላይ» አለችው ቀና ሳትል።

ከሁሉም የሚብሱት ጋሼ አለሙ ነበሩ። የቤተክርስቲያናችን ሽማግሌ ናቸው፤ ከሳቸው በላይ የሚናገር የለም። መጀመሪያ ላይ ይህ የሴት ሥራ አይደለም እያሉ ሲመክሯት ከረሙ። ቀይ ቀለም ከተቀባ በኋላ ግን «መኪናችን» ማለት ጀመሩ። ልጃቸው ሔርሞን ሰኔ ላይ ልታገባ ነው፤ ክፍት መኪና ስለሆነ ሙሽራዋን በዚህ ነው የምንወስዳት ብለው ለሰው ሁሉ ተናግረዋል። ዓለምነሽም ደስ ይበላቸው ብላ እሺ ብላለች።

ታርጋ የሌለው መኪና መንገድ ላይ አይነዳም፤ ትሬለር ያለው ደግሞ ካሳሁን ብቻ ነው። በዚያ ጠዋት ካሳሁን ሲመጣ ጋሼ አለሙም ከረባታቸውን አድርገው አብረው መጡ። ማንም አልጠራቸውም።

ኢንስፔክተሩ ቀጭን፣ ትሑት ሰው ነበር። ደረሰኙን ተቀብሎ መኪናውን ዞር ዞር ብሎ አየና ማን እንደሠራው ጠየቀ። ዓለምነሽ አፏን ስትከፍት ጋሼ አለሙ አንድ እርምጃ ቀደሙ። እኛ ነን፣ የአንድ ቤተክርስቲያን ሰዎች ተባብረን ነው አሉት። ሞተሩስ ሲላቸው፣ ዴይተን ያለው የወንድማቸው ልጅ ከጋራዡ እንደሰጣቸው ነገሩት። እንዲህ ያለ ውሸት ሰው እንዴት ሳይጠየቅ ከአፉ እንደሚያወጣ እስከ ዛሬ አይገባኝም። ኢንስፔክተሩ እጁ ላይ ያለውን ደረሰኝ አየ፣ እሳቸውን አየ፣ ከዚያ ዓለምነሽን እውነት እንደሆነ ጠየቃት።

መሬት መሬት ታያለች። በክርኔ ነካኋትና «ተናገሪ እንጂ» አልኳት።

«ጋሼ ተናግረው የለ፣ እኔ ምን ልበል?» አለችኝ በሹክሹክታ።

ኢንስፔክተሩ አልተቆጣም። ደረሰኙና የተነገረው ስለማይገናኝ ማሳለፍ እንደማይችል፣ አጣርታ ተመልሳ እንድትመጣ ነገራት። ስንመለስ ጋሼ አለሙ በርገር ካልበላን ብለው አስቆሙን። ሶስ ከጺማቸው ላይ እየጠረጉ፣ «እኔ ባልኖር ኖሮ መኪናውን ይይዙባት ነበር። ሴት ብቻዋን ስትቆም ማን ያምናታል?» አሉ። እኔ በርገሬን ጠቅልዬ አስቀመጥኩት። ካሳሁን መስኮት መስኮት ያያል።

በማግሥቱ ዓለምነሽ ቤታቸው ሄዳ አብረዋት ተመልሰው የተናገሩትን እንዲያርሙላት ለመነቻቸው። እኔም ነበርኩ። ውሸታም ልታሰኚኝ ነው ወይ ብለው ተቀየሟት። ከዚያ ሻያቸውን ፉት አሉና መላ አመጡ፤ የወንድማቸው ልጅ ሞተሩን እኔ ነኝ የሰጠኋት ብሎ ወረቀት ይጽፋል፣ የእሷ ደረሰኝ ይጣላል፣ ሁሉም አንድ ቃል ይሆናል። ይህን ሲናገሩ ፊታቸው ላይ እፍረት የሚባል አልነበረም። እንዲያውም ምስጋና የሚጠብቁ ይመስሉ ነበር።

ዓለምነሽ ተነሥታ ወጣች። ከዚያ ለብዙ ቀን ጋራዥ አልገባችም። አንድ ማታ ሳህን ሳጥብ አጠገቤ መጥታ፣ «እትዬ፣ ጋሼ ዋሽተዋል ብዬ ለፈረንጅ ልናገር?» አለችኝ።

እኔ ከስምንተኛ ክፍል አላለፍኩም፣ ሰው የምመክር ሰው አይደለሁም። «እሳቸው ያሉት ከጸደቀ፣ በገንዘብሽ የገዛሽው ሞተር ነገ እንደተሰረቀ አይቆጠርብሽም?» አልኳት። ሳህኑን ከእጄ ተቀብላ ማድረቅ ጀመረች። በሚቀጥለው ሳምንት ግን የማናውቀው፣ መኪና ጭኖ የሚወስድ ሰው ቀጥራ አብሬያት እንድሄድ ጠየቀችኝ።

ያው ኢንስፔክተር ነበር። ደረሰኙን ተቀብሎ ያን ጊዜ ሽማግሌው የተናገሩትን አስታወሳት፤ የቱን ልመን አላት። ዓለምነሽ እጇን ኪሷ ውስጥ ከተተች። በዚያች በተሰባበረች እንግሊዝኛዋ፣ «አባቴን የሚያህሉ ሰው ናቸው። የተናገሩት ግን እውነት አይደለም። መኪናውን የሠራሁት እኔ ብቻዬን ነኝ» አለችው።

ከዚያ እሱ ጠየቀ፣ እሷ መለሰች። ይህን ከየት፣ ይህንንስ ማን አሰረው፤ ወረቀቱን ሳታይ ነው የምትመልሰው። ሞተሩ ላይ ያለውን ቁጥር በባትሪ እያበራ ከደረሰኙ ጋር አስተያየና ፈረመላት። አልዘለለችም፣ አልሳቀችም። ውኃ ስጪኝ ብቻ አለችኝ።

ወሬው ከእኛ ቀድሞ ቤተክርስቲያን ደርሶ ኖሯል። ዓለምነሽ ለካሳሁን ትሬለሩ እንደማያስፈልጋት ስትነግረው ምክንያቱንም ነግራው ነበር። እሁድ ስንገባ ያ ሁሉ ሻይ ጠጪ አንገቱን አዞረ። ብዙም ሳይቆይ የጋሼ አለሙ ባለቤት እትዬ ወሰንየለሽ ቤቴ መጡ። ዓለምነሽ ሄዳ የጋሼን ጉልበት ይዛ ይቅርታ ትጠይቅ ነው ጉዳዩ። የባላቸውን መዋሸት ግን አልካዱም።

«እውነቱ እውነት ነው፤ ግን ሽማግሌን ለፈረንጅ አሳልፎ መስጠት ነበረብሽ?» አሏት።

«እሳቸውስ የዋሹት ለማን ነው፣ እትዬ?» አለቻቸው።

ሻዩን ሳይጨርሱት ሄዱ። ለሔርሞን ሠርግ ሁለታችንንም የጠራን የለም። ካሳሁን ከዚያ ወዲህ መንገድ ላይ ሲያገኘኝ ስለ አየሩ ያወራኛል፤ ያን ቀን መስኮት መስኮት ሲያይ የነበረው ፊቱ ትዝ እያለኝ መንገዴን እቀጥላለሁ። ሰው ውሸቱን ያውቃል፣ ዋሾውን ያውቃል፣ ወንበሩን የሚለቅለት ግን ለዋሾው ነው። ከዚህ በኋላ ይለወጣል ብዬም አልጠብቅም።

ዓለምነሽ አሁንም ቤዝመንቴ ውስጥ ትኖራለች። ፖላሪስ አጠገብ አንድ አዛውንት ትንከባከባለች፤ ክረምት በእኔ መኪና፣ በጋ በራሷ ቀይ መኪና ትሄዳለች። ቤተክርስቲያን አትሄድም።